ከፒዲኤፍ ወደ ቪዛ ካርድ

ሚኒሶታ የገባሁ ሰሞን ዘመድ ሁሉ ዶላር ይጠይቀኛል ብዬ ስፈራ፣ የአክስቴ ልጅ የጠየቀኝ ፒዲኤፍ ነው። ልጁ ደብረ ዘይት የጤፍ ተመራማሪ ነው። «ወንድሜ፣ ይቺን አውርድልኝ» ይልና ሊንክ በቴሌግራም ይልካል። ስከፍተው አንዱን ጽሑፍ ለማንበብ ሠላሳ ምናምን ዶላር ክፈል ይላል። እኔ ማታ ማታ ስለምማር የኮሌጁ ላይብረሪ መግቢያ አለኝ። አውርጄ እልክለታለሁ። ቀስ በቀስ የሥራ ባልደረቦቹም ሰሙ። ጤፉን የሚያዳቅሉት እነሱ፣ ስለ ጤፍ የተጻፈው የሚከፈተው ግን ፓርኪንግ በሚጠብቅ ሰውዬ ፓስወርድ!

አሁን ጥያቄው ቀንሷል። ጥናት ለማንም በነጻ ይነበብ ያለው የቡዳፔስት መግለጫ በ2002 ከወጣ ወዲህ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ብዙ በር ተከፍቷል። የጤፍን ብቻ ብናይ፣ ጸደይ የተባለው ዝርያ ጂኖም (ሙሉ የዘር መረጃው) በ2014፣ የዳቢ ደግሞ በ2020 ሲታተም ሁለቱም በነጻ በሚነበቡ ጆርናሎች ነው የወጡት። የአክስቴ ልጅ ሁለቱንም ያወረደው ራሱ ነው።

የብራና መጻሕፍቱ ነገር ደግሞ ይገርመኛል። ከሚኒያፖሊስ ሰዓት ተኩል ያህል ነድተህ ኮሌጅቪል ያለው የብራና ቤተ መጻሕፍት ስትደርስ፣ ከ1973 ጀምሮ ኢትዮጵያ ውስጥ በማይክሮፊልም የተነሡ የብራና መጻሕፍት ቅጂ ታገኛለህ። የግዕዙ ሊቅ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን የሰጡት ለእነሱ ነው። ዛሬ በነጻ ከተመዘገብክ ብዙውን በኢንተርኔት ማየት ትችላለህ። እኔ ተማሪ ሳለሁ ስድስት ኪሎ ኬኔዲ ላይብረሪ አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ለማየት መታወቂያ አስይዤ ነበር።

እዚህ አሜሪካ ክርክሩ የታክስ ነው። «በታክሴ ለተሠራ ጥናት ለምን ደግሜ እከፍላለሁ?» ይላሉ። ከሐምሌ 2025 ወዲህ የአሜሪካ መንግሥት የጤና ምርምር ተቋም (NIH) ገንዘብ ያወጣበት ጥናት ጽሑፍ በታተመ ዕለት ለሕዝብ ክፍት መሆን አለበት። አገር ቤትም በ2019 የዩኒቨርሲቲዎች ጥናት ክፍት ይሁን የሚል ብሔራዊ ፖሊሲ ወጥቷል። ወረቀቱ ላይ እንግዲህ እኩል ነን።

ችግሩ ሒሳቡ አለመጥፋቱ ነው። አንባቢው መክፈሉን ሲተው ጸሐፊው ይከፍላል። ኔቸር የተባለው ታዋቂ የሳይንስ ጆርናል በ2021 ይህን አሠራር ሲጀምር ለአንድ ጽሑፍ የጠራው 9,500 ዩሮ ነበር። ሌሎቹ ከዚያ በጣም ይረክሳሉ፤ ግን በብር አስበው። ለድሃ አገር ተመራማሪ ክፍያውን የሚተዉ አሳታሚዎች አሉ፣ እውነት ነው። የአክስቴ ልጅ ግን ከአንድ አውሮፓዊ ጋር አብሮ ስለጻፈ «ቅናሹ አይመለከታችሁም» ተባለ። አውሮፓዊው ደግሞ በጀቴ አልቋል አለ።

እዚህ ያለ ተመራማሪ ለዚህ ዓይነቱ ነገር ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የሚያማክረው ቢሮ አለው። የእኛው ልጅ ገንዘቡ ከደሞዙ ቢገኝ እንኳ፣ ብሩን ዶላር አድርጎ ውጭ መክፈል ሌላ ፍዳ ነው። ባንክ ሄደ፤ ፎርም አስሞሉት፤ «ተራህን ጠብቅ» አሉት። አሳታሚው ግን የሰጠው ቀን ሠላሳ ብቻ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ ከሥራ ስወጣ ቴሌግራሜ ጮኸ። ፒዲኤፍ መስሎኝ ከፈትኩት። የክፍያ መጠየቂያ ነው። ከስሩ፦ «ወንድሜ፣ ቪዛ ካርድ አለህ አይደል? ብሩን ለእማዬ እሰጣታለሁ።»