ይድረስ ለአቶ ሲስተም፣ በሌሉበት

ቁጥር፦ ሲስተም ሲመጣ ይሞላል
ቀን፦ በኛ ነው በፈረንጅ? እሱን ወደ ታች እመጣበታለሁ
ጉዳዩ፦ ከስራ ገበታዎ ላይ መጥፋትዎን ይመለከታል

ክቡር አቶ ሲስተም፣

ደብዳቤ ሲጻፍ መቼም "ባሉበት" ነው የሚባለው፣ እርስዎ ግን የት እንዳሉ የሚያውቅ ሰው ስላጣሁ "በሌሉበት" ብያለሁ፣ ፍርድ ቤትም የጠፋ ተከሳሽ ሲገጥመው እንደዛ ነው የሚያረገው። ይሄን እንድጽፍ ምክንያት የሆነችኝ እማዬ ነች። ስኳርም ግፊትም አለባት፣ በየሦስት ወሩ ክትትል አላት፣ እና ባለፈው ማክሰኞ ስሙን የማልጠራው አንድ የመንግስት ሆስፒታል በር ላይ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምሮ ጋቢ ተከናንበን ተሰልፈን፣ 2፡30 ላይ የካርድ ክፍል መስኮት ተከፈተና ገና ሦስት ሰው ሳይስተናገድ ልጅቷ ብቅ ብላ "ሲስተም የለም፣ ትንሽ ጠብቁ" አለች። እማዬ ወደኔ ዞር ብላ ድምጿን ዝቅ አርጋ "ይሄ ሲስተም የሚሉት ልጅ ባለፈውም አልገባም ነበር እኮ፣ ታሞ ይሆን እንዴ?" አትለኝም?

መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ቆይቼ ሳስበው ግን እማዬ ልክ ነች። ነርስ ብታረፍድ ደሞዟ ይቆረጣል፣ ዶክተር ቢቀር ማስጠንቀቂያ ይጻፍበታል፣ ጥበቃው እንኳ ሽንት ቤት ሲሄድ ሰው ተክቶ ነው፣ እርስዎ ግን ሲያሻዎት ይገባሉ ሲያሻዎት ይቀራሉ፣ ማንም ምንም አይልዎትም፣ እንደውም እርስዎ ሲቀሩ ቢሮው ሁሉ አብሮ ያርፋል። ደሞ የሚገርመው እዚህ ብቻ አይደለም የተቀጠሩት፣ ባንክም ስሄድ የሉም፣ ወረዳም ስሄድ የሉም፣ በአንድ ቀን ይሄን ሁሉ ቦታ መቅረት እራሱ ችሎታ ይጠይቃል።

እሺ ቢያንስ ከፍዬ ልጠብቅ ብዬ ብር ሳወጣ "ካሽ አንቀበልም፣ ዲጂታል ሆነናል" ተባልኩ። ጥሩ፣ በስልክ ልክፈላ ስል "ክፍያው ሲስተም ላይ ነው የሚመዘገበው፣ ሲስተም ደሞ የለም"። ማለት በጄ ብር አለ፣ ስልኬ ውስጥ ብር አለ፣ ልጅቷም ፊት ለፊቴ አለች፣ የሚቀበለኝ ግን የለም። በ2013 ግንቦት ላይ ቴሌብር ሲጀመር "እማዬ ከእንግዲህ ሰልፍ ቀረ" ብዬ የሰበኳት እኔው ነኝ፣ አሁንም አንዳንዴ ታነሳብኛለች። እዚህ ጋር ይቅርታ ይደረግልኝና አንቱታውን ልተወው፣ አምስት ሰዓት ሙሉ ቆሜ የጠበኩትን ሰው አንቱ የምልበት ጉልበት የለኝም።

4፡10 ሲሆን "መጣ መጣ" ተባለ። ሰልፉ እንደ ሚኒባስ ወረፋ ተንጋጋ። መጣህ፣ ግን እማዬን አታውቃትም! ሰባት ዓመት የታከመችበት ቤት "እንደዚህ የሚባል ታካሚ የለም" አልካት። ለካ ጣጣው ስሟ ውስጥ ያለው ሐ ነው፣ ድሮ የመዘገባት ሰው በሐመሩ ሐ ጽፏታል፣ የዛሬዋ ልጅ በሀሌታው ሀ ትፈልጋታለች፣ ብዙኃኑ ኀ ደሞ ከኋላ ተራውን እየጠበቀ ነው። እኛ ስንጠራት አንዲት ሴት ነች፣ ላንተ ግን ሦስት ሴቶች ናቸው። ፀሐይ የምትባል ሰው ብትመጣልህማ ጸሎቱ ጸ እና ፀሐዩ ፀ ሲጨመሩበት በትንሹ ስድስት ታካሚ ሆና ነው የምትተኛው፣ አንዷ ፔኒሲሊን አይስማማትም ሌላዋ ይስማማታል። እና ይሄ እኮ ከባድ ነገር አይደለም፣ ሲፈለግ አንድ ዓይነት ድምጽ ያላቸውን ፊደላት እንደ አንድ ቁጠራቸው ብሎ ማዘዝ ነው፣ ሞያው ያለው ልጅ ከሰዓት ቁጭ ብሎ የሚጨርሰው ስራ ነው፣ የኔታ ፊት ፊደል የቆጠረ ሰው አንድም ሰው አላማከርክም ማለት ነው።

አሁን ደሞ "ፋይዳ ቁጥሯን" አልክ። ለሱ እንኳ አመሰግናለሁ፣ ነገርዬው እውነት ከሰራ የስሟንም የሐውንም ጣጣ ይገላግለናል፣ አዋጅም ወጥቶለታል፣ ቁጥር 1284/2015፣ እማዬም አሻራዋን ሰጥታ 12 ዲጂቷን ተቀብላ ወረቀቱን ላስቲክ አስለብሳ ዳዊቷ ውስጥ አስቀምጣዋለች። ቁጥሩን ሰጠን። ልጅቷ ጻፈችው። በእስክሪብቶ። ደብተር ላይ። የፋይዳው ሲስተም ሲመጣ ይገባል ብላ።

የልደት ቀኗ ላይ ስንደርስማ አታንሳው። እማዬ የተወለደችው የጃንሆይ የብር ኢዮቤልዩ በተከበረበት በ1948 ነው፣ ያውም ጳጉሜ 3 ለሩፋኤል፣ ሰፈሩ ሁሉ ዝናቡን ጸበል ነው ብሎ ሲጠመቅ። ፈዋሹ መልአክ ቀን የተወለደች ሴት ሆስፒታል መጥታ የወር ምርጫው ተከፈተ፣ አስራ ሁለት ወር። ጳጉሜ የለችም። የአስራ ሦስት ወር ጸጋ እያልን በፖስተር ስንኩራራ የኖርን ሰዎች አንዷን ወር ውጠህብን ቁጭ አልክ። ልጅቷም ምን ታርግ፣ ጃንዋሪ 1 አለችና 1948ን እንዳለ ገጨችው፣ በፈረንጅ። እማዬ መስኮቱ ጋር ቆማ በአንዴ ስምንት ዓመት አረጀች። ጎረምሳ እያለሁ እኔም እንደዚህ በፍጥነት አላስረጀኋትም።

ከዚህ በኋላ ያለውን ባጭሩ ልለፈው፣ ትሪያጅ የሚሉት የመጀመሪያ መለያ ክፍል ላይ ግፊቷ ተለካ፣ መጀመሪያ መዝገብ ላይ ተጻፈ፣ ቀጥሎ ካርዷ ላይ ተጻፈ፣ ቀጥሎ ኮምፒውተር ላይ ተጻፈ። አንድ ግፊት ሦስት ቦታ። ነርሷን "አንዱ አይበቃም?" ብላት "ይሄኛው ከጠፋ ብለን ነው" ብላ ወዳንተ ጠቆመችኝ። ወረቀት ሊቀር ነው ተብሎ አንተ መጣህ፣ አሁን ወረቀቱም አለ አንተም አለህ፣ ያልጨመረችው ነርሷ ብቻ ነች።

ላብራቶሪ ደሞ ሌላ ትያትር ነው። "ውጤቱ ሲስተም ላይ ገብቷል፣ ዶክተሯ ጋር ይታያታል።" ዶክተሯ ጋር አይታያትም፣ ያለችው ሁለት ፎቅ ላይ ነው፣ እዛ አልደረስክም። ምን ተደረገ? የላብ ልጁ ስክሪኑን በስልኩ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ላከላት። የእማዬ ስኳር በሰርግ ፎቶና በሳሙና ማስታወቂያ መሃል አልፎ ዶክተሯ ጋር ደረሰ፣ በአስር ሰከንድ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሚባል ነገር እንዳለ አውቃለሁ፣ አዋጁ ግን የዛን ቀን ሰልፍ ላይ አልነበረም። ልጁንም አልፈርድበትም፣ እሱ ባይልከው እስከ ዛሬ እዛው ነበርን።

አሁን እውነቱን ልንገርህ፣ የሚያናድደኝ አለመቻልህ አይደለም፣ ስትፈልግ እንደምትችል ስለማውቅ ነው። ገጠር ያሉትን የጤና ኤክስቴንሽን ልጆች ታውቃቸዋለህ አይደል፣ ከ30 ሺህ በላይ ናቸው፣ ለነሱ ታብሌት ላይ የተሰራላቸው አፕ ኔትወርክ ባይኖርም ይሰራል፣ እርጉዟን እዛው ቤቷ ትመዘግባታለች፣ ክትባቱን ትጽፋለች፣ መረጃው ታብሌቱ ላይ ይቀመጥና ኔትወርክ ያለበት ስትደርስ ይላካል። እሺ ብዙ ቦታ እነሱም የቤተሰብ ማህደሩን በወረቀት ደግመው እንዲሞሉ ይደረጋሉ፣ እሱ ሌላ በሽታ ነው። ግን አየህ፣ ተራራ ጥግ ያለችው ልጅ ያለ ኔትወርክ ስትሰራ አንተ አዲስ አበባ መሃል ፎቅ ላይ ተቀምጠህ መስመር ተቋረጠ ብለህ እጅህን አጣጥፈህ ትተኛለህ። እንደዛ አርጎ መስራት እንደሚቻል እዚሁ አገር እየታየ ማን ነው አንተን ካለ ገመድ የማትተነፍስ አርጎ የገዛህ?

ሌላው ደሞ ሪፖርት ላይ አንደኛ ነህ! በየወሩ ስንት ሰው መጣ፣ ስንት የስኳር፣ ስንት የግፊት የሚለው ዲኤችአይኤስ 2 ላይ ይገባል፣ ከኖርዌይ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራ ሶፍትዌር ነው፣ ብዙ አገር ይጠቀምበታል፣ ጎበዝ ነው፣ የኛን አቆጣጠር እንኳ ያውቃል፣ ጳጉሜን ጭምር (ስማ!)። ጤና ጣቢያው ለወረዳ፣ ወረዳው ለዞን፣ ዞኑ ለክልል እያለ ወደ ላይ ይወጣል። እማዬ ቁጥሯ ሚኒስቴር ደርሷል፣ እሷ ግን ሰልፍ ላይ ነች። በ2008 የወጣው የጤና ዘርፍ ዕቅድ "የኢንፎርሜሽን አብዮት" ሲል እኔ ደስ ብሎኝ ነበር፣ እማዬ ግን አብዮት የሚለውን ቃል ስትሰማ አሁንም በር ነው የምትቆልፈው። እና እስካሁን ባየሁት መረጃው ይወጣል እንጂ አይወርድም፣ ሪፈር የተጻፈላት ሰው ዛሬም ራጇን በፌስታል አንጠልጥላ፣ ውጤቷን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ነው የምትዞረው፣ አዲሱ ሆስፒታል ደሞ "የነሱን አናምንም" ብሎ ደሙን ደግሞ ይቀዳል። ሁለተኛ ደም፣ ሁለተኛ ክፍያ።

ውጭ ያሉ ዘመዶችህንም አጠያይቄያለሁ። ኢስቶኒያ የምትባል 1.3 ሚሊዮን ገደማ ሰው ያላት፣ ከኛ ጥቂት ክፍለ ከተሞች የምታክል አገር አለች፣ እዛ ከ2008 ጀምሮ (ከዚህ በኋላ የምጠራው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ ነው) የሰው የህክምና ማህደር የትም ቢታከም ይከተለዋል፣ ከ2010 ወዲህ ደሞ መድኃኒት ለመግዛት መታወቂያ ይዞ ፋርማሲ መሄድ ነው፣ የዶክተር ጽሁፍ ለማንበብ ሦስት ፋርማሲስት አይሰበሰብም። ሩዋንዳ በ2016 ደም በድሮን መላክ ጀምራለች፣ እኛ ወረቀት ከምድር ቤት ወደ ሁለተኛ ፎቅ መላክ አቅቶናል። ለማጽናናት ያህል ደሞ እንግሊዝ ያለውን ታላቅ ወንድምህን ልንገርህ፣ በ2002 የሁሉንም ሆስፒታል ማህደር አንድ አረጋለሁ ብሎ ተነስቶ በቢሊዮን የሚቆጠር ፓውንድ በልቶ በ2011 ፈረሰ፣ በ2017 ሜይ ላይ ደሞ ቫይረስ ገብቶበት ቀጠሮ ተሰርዞ አምቡላንስ ወደ ሌላ ሆስፒታል ሲመለስ ነበር። ስለዚህ በዘርህ ያለ ነገር ነው፣ ባንተ ብቻ አልፈርድም። ግን እነሱ ፈርሶ ሲያዩት ፈረሰ አሉ፣ ኦዲት አረጉት፣ ያንተ ግን ሁሌ "ትንሽ ጠብቁ" ነው።

የዛን ቀን ማን አወጣን መሰለህ? ካርድ ክፍል ውስጥ ጥቁር ካፖርት የሚለብሱ ጋሼ አሉ። እማዬን በመስኮቱ አይተው "እቺ የስኳሯ እናት አይደሉም እንዴ" አሉና ወደ ኋላ ገቡ፣ አቧራ በአቧራ ሆነው ሲመለሱ ማህደሯን ይዘዋል፣ አንድ ጀበና ቡና በማይፈላበት ጊዜ ውስጥ። መብራት አልፈለጉም፣ ፓስዎርድ አልረሱም፣ ሐውንም አልጠየቁም። እኔ ወረቀት ይሻላል የምል ሰው አይደለሁም፣ ጋሼም ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ቀርቷቸዋል፣ ከዛ በኋላ ያን መደርደሪያ የሚያውቅ የለም፣ እርጥበቱና አይጡም የራሱን ስራ እየሰራ ነው። ለዛም ነው የምለምንህ፣ ስትመጣ መጀመሪያ እሳቸው ጋር ስድስት ወር አፕረንቲስ ግባ፣ ሻይ እየቀዳህላቸው፣ ሰው እንዴት እንደሚፈለግ ያሳዩሃል።

ስንወጣ 9 ሰዓት ሆኖ ነበር። እማዬ መድኃኒቷን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ በሩ ጋር ቆም አለችና "በል ያ ልጅ ሳይመጣ ቀረ አይደል?" አለችኝ። መጥቶ ሄደ አልኳት። አዘነችልህ። "የሚቀጥለው ቀጠሮ በሶ ጨብጬለት እመጣለሁ፣ ሳይበላ እየወጣ ይሆናል የሚደክመው።"

ከሰላምታ ጋር
የታካሚዋ ልጅ
(ማህተም ያልተደረገበት ማህተም ያዡ ለስብሰባ ስለወጡ ነው)

ግልባጭ፦
ለካርድ ክፍሉ ጋሼ፣ ለምስጋና
ለጀነሬተሩ፣ ናፍጣ ሲገኝ እንዲያውቀው
ለጳጉሜ፣ በያለችበት
ለእማዬ፣ በቃል የሚነገራት ሆኖ፣ በሶው ላይ ስኳር እንዳታበዛበት