ክላክስ ለምትነፉልን ሁሉ፣ እግዜር ይስጥልን

መንጃ ፈቃዴን በእጄ ካስገባሁ ገና አራት ወሬ ነው። ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ ተናግሬ ከጨረስኩ በኋላ ግን አንድ ነገር ሲከነክነኝ ሰነበተ። ዋናዎቹን ባለውለታዎቼን ሳላመሰግን ቀርቻለሁ። አሰልጣኜን ማለቴ አይደለም፣ እሳቸውማ ተከፍሏቸዋል። እኔ የምለው ከኋላዬ ሆናችሁ፣ አምስት ሳንቲም ሳትጠይቁ፣ ፀሐይ ዝናብ ሳትሉ፣ ክላክስ ስትነፉልኝ የከረማችሁትን የአዲስ አበባ ሹፌሮች ነው። እናንተ ባትኖሩ እኔ ዛሬም ቸርችል ጎዳና መሀል ተገትሬ ነበር።

ማንዋል መኪና ነድቶ የማያውቅ ሰው የዚህ ውለታ ክብደት አይገባውም። ስለዚህ ትንሽ ላስረዳ። እግር ሁለት ነው፣ ፔዳሉ ግን ሦስት። ቀኝ እግር በፍሬንና በነዳጅ መሀል ይመላለሳል፣ ግራ እግር ፍሪሲዮኑን ይዟል። ፍሪሲዮን ማለት ሞተሩንና ጎማውን የሚያፋታም የሚያስታርቅም ሽማግሌ በሉት። ስትረግጡት ይለያያሉ። ቀስ አድርጋችሁ ስትለቁት እየተግባቡ ይሄዳሉ። ባንዴ ከለቀቃችሁት ግን የቆመው ጎማ የሚሽከረከረውን ሞተር ጨምድዶ ይይዘዋል፣ መኪናዋ እንደ ፍየል አንዴ ትዘልና ቀጥ ትላለች። ጠፋች።

እዚህ ላይ አማርኛችን ራሱ ተንኮለኛ ነው። ሞተር የጠፋበትንም ጥፋት የሠራውንም እኩል "አጠፋ" ይላቸዋል። ከኋላ ያለው ሹፌር ሁልጊዜ የሚሰማው ሁለተኛውን ነው።

ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ፍሬን፣ ፍሬቻ፣ ካምቢዮ፣ ስፖኪዮ። ጣሊያን አምስት ዓመት ኖሮ በ1933 ወጣ ይባላል እንጂ የሞተሩን ክዳን፣ ኮፈኑን፣ ከፍቶ ያየ ሰው ይህን አያምንም። ኮፈን ራሱ የእሱ ቃል ነው። ክላክስም እንደዚያው። (ሲወጣ እሷን ብቻ ይዞ ቢሄድልን ምን ነበረበት! ይቅርታ፣ ለካ ምስጋና ላይ ነኝ።)

ወደ ምስጋናው ልመለስ። መጀመሪያ የማደንቀው ፍጥነታችሁን ነው። መብራቱ ሊለቅ ሁለት ሰከንድ ሲቀረው ክላክሱ ይጀምራል። ማለትም ገና ያላጠፋሁትን ጥፋት አስቀድማችሁ ትገስጻላችሁ። ይህ ጸጋ ነው፣ ለሁሉም አይሰጥም። ቀጥሎ የሚገርመኝ ቴክኖሎጂው ነው። እኔ እስካሁን መኪና የሚነሳው በቁልፍ ይመስለኝ ነበር። ከኋላ ሆኖ በድምፅ ማስነሳት እንደሚቻል ያወቅሁት ከእናንተ ነው። ጋራዥ ሄጄ አንዱን መካኒክ "ከኋላዬ ካለው ሰው ክላክስ ወደ እኔ ሞተር የሚሄድ ሽቦ አለ እንዴ?" ብዬ ጠየቅሁት። ክላክስ ከራሱ ባትሪ ውጭ የሚያውቀው ነገር የለም አለኝ። አላመንኩትም። ይህን ያህል ሕዝብ ከንቱ አይለፋም።

ደግሞ ከተማችንን አስቡት። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ሞተር የሚስበው አየር ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚያገኘው በሩብ ያህል ያንሳል። ስለዚህ አየር የሚገፋላት ቱርቦ የሌላት መኪና ጅቡቲ ወደብ ስትራገፍ የነበራትን ጉልበት ይዛ እዚህ አትደርስም። ጎበዝ ሹፌር ይህን በነዳጅ አሰጣጥ ያካክሰዋል። ለማጅ ግን ነዳጅ መስጫውን እንደ እንቁላል ነው የሚረግጠው፣ ዳገት ላይ ስትደርስ መኪናዋ አየር ያጥራትና ትንፈራገጣለች። እናንተም የጎደለውን አየር በክላክስ ልትሞሉልን ትሞክራላችሁ። ፈረስን ዳገት ላይ ደርሰው ገብስ ቢያበሉት ምን ይረባዋል የሚሉ ሰዎች እናንተን አላዩም።

"ለማጅ" የሚለውን ጽሑፍማ እንዴት እንደምታነቡት አንድ ቀን ብታስተምሩኝ ደስ ይለኛል። እኔ ከፊትና ከኋላ በትልቁ ተጽፎ ሳየው "ይህች ሴትዮ ገና እየተማረች ነው፣ ታገሷት" የሚል መስሎኝ ነበር። ለካ "እባካችሁ ክላክስ አድርጉልኝ" ነው። ቲዎሪ ክፍል ውስጥም በመስመር የተሰረዘ ጥሩምባ ያለበት ምልክት አስጠንተውን ነበር፣ ሆስፒታል አካባቢ የሚተከለው። ምልክቱን ካወቅሁት በኋላ በየሄድኩበት እፈልገዋለሁ። ብዙ መፈለግ አያስፈልግም፣ ክላክስ የበዛበትን መከተል ነው።

አሁን ከልቤ የነካኝን ልንገራችሁ። አንዳንዶቻችሁ ክላክስ ብቻ ነፍታችሁ አትሄዱም። ጎኔ ስትደርሱ ቀስ ትሉና አንገታችሁን አስግጋችሁ መስኮቴን ታያላችሁ። ታዲያ ፊታችሁ ላይ የሚታየው እርካታ! "ድሮስ ሴት መሆኗን አውቄ ነበር" የሚል። ወንድ ለማጅ ስታገኙ ምን እንደምትሆኑ አላውቅም፣ ቅር ሳይላችሁ አይቀርም። አንዱማ መስታወት አውርዶ "ቤትሽ ሄደሽ ወጥ ስሪ!" አለኝ። ቤተሰቤ ምሳ በልቶ ይሁን አይሁን ተጨንቆ ነው። በዚህ ዘመን ለማያውቁት ሰው ቤት ወጥ የሚያስብ ማን አለ? ላመሰግነው ስዞር ሞተሩ ጠፋብኝ።

በነገራችን ላይ በኢትዮጵያ ታሪክ በጣም የምቀናበት ለማጅ ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ዳግማዊ ምኒልክ። የመጀመሪያዋ መኪና በ1900 ዓ.ም. አካባቢ አዲስ አበባ ስትገባ ንጉሡ ራሳቸው መሪ ይዘው እንደ ነዱ ይተረካል። እስቲ አስቡት፣ አገር ሙሉ አንድ መኪና። ቢያጠፉ ከኋላ ያለው በቅሎ ነው። በቅሎ ደግሞ ትታገሣለች።

ከእናንተ መሀል የበለጠ ክብር የሚገባቸው አውቶማቲክ ነጂዎች ናቸው። እነሱ ግራ እግራቸው ሥራ የለውም፣ ወለሉ ላይ ተዘርግቶ ያርፋል። የተረፈው ጉልበት የሚሄድበት ሲያጣ ወደ እጅ ይወጣና መሪው መሀል ላይ ያርፋል። ፍሪሲዮን ምን እንደሆነ በእግሩ ረስቶ በእጁ የሚያስተምር መምህር ከየት ይገኛል? የሚያሳዝነኝ ግን ዘመኑ እየከዳችሁ መሆኑ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከልክሏል፣ የሚገባው ኤሌክትሪክ ነው። ኤሌክትሪኩ ደግሞ ፍሪሲዮን የለውም፣ ዳገት ላይ ቆሞ አይጠፋም። ያን ጊዜ ለማን ልትነፉ ነው? አንድ መላ መፈለግ አለባችሁ።

ግን ያቺን ቅዳሜ ሳልነግራችሁ አልተውም።

ከቴዎድሮስ አደባባይ ወደ ማዘጋጃ ቤት የሚያወጣው ዳገት ላይ ነን። መኪናዋ አሮጌ ኮሮላ ናት፣ የማርሹ እንቡጥ ላይ ያለው ቁጥር በስንት ለማጅ መዳፍ ተፍቆ ጠፍቷል። ፊት ያለው ሚኒባስ ሰው ሊያወርድ ቆመ። እኔም ቆምኩ። የእጅ ፍሬን ሳብኩ። እስከዚህ ጎበዝ ነኝ።

ሚኒባሱ ሄደ። "በይ የኔ እመቤት፣ ማርሽ አንድ" አሉኝ ጋሼ፣ አሰልጣኜ። "ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርገሽ ልቀቂው። ኮፈኑ ብድግ ሲልልሽ እዚያው ላይ ያዢው። ነዳጅ ስጪ። ከዚያ የእጅ ፍሬኑን ታወርጃለሽ።"

ለቀቅሁ። ኮፈኑ ብድግ አለ፣ እንደ ተኛች ላም ትከሻ ቀስ ብሎ። በሕይወቴ እንደዚያ የሚያምር ነገር አላየሁም። ልክ በዚያች ሰከንድ ከኋላዬ ጢጥ! ግራ እግሬ ዘለለ። መኪናዋም ዘለለች። ጠፋች።

ሁለተኛ ሞከርኩ። ጢጢጢጥ። ጠፋች። ሦስተኛ ላይ ከኋላዬ ያለው ነጭ ቪትዝ እጁን ጭኖ አላነሳም፣ ጎኑ ያለ ሲኖትራክም ደስታችንን ሊካፈል ይመስላል መርከብ የሚያስነሳ ጥሩምባውን ለቀቀው። የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። የፍሪሲዮን ሸራ ነው። የእጅ ፍሬኑም ያረጀ ስለሆነ መኪናዋ አንድ ስንዝር ወደ ኋላ ተንሸራተተች። "ፍሬን!" አሉ ጋሼ፣ በእሳቸው በኩል ያለውንም ረገጡት። እጄ ላይ ያለው ላብ መሪውን አሟለጨው። የሚያልፍ ሚኒባስ ላይ የተንጠለጠለ ወያላ "እናት፣ እዚያው ልታድሪ ነው እንዴ?" አለኝ። ሳቅሁ መሰለኝ። ወይ አለቀስኩ።

ከዚያ ከአስፋልቱ ዳር፣ ከዛፉ ጥላ ሥር፣ አንድ ጫማ የሚጠርግ ልጅ ተነሣ። አሥራ አራት ዓመት ቢሆነው ነው። ከሥራ ዕቃው አጠገብ የነበረ ድንጋይ በሁለት እጁ አቅፎ መጣና ከኋላ ጎማዬ ሥር ታኮ አደረገልኝ። አንድ ቃል አልተናገረም። የመኪናዋን ኋላ ሁለቴ መታ መታ አደረገና ተመልሶ ጥላው ውስጥ ገባ።

ወደ ኋላ እንደማልሄድ ሳውቅ እግሬ መንቀጥቀጡን ተወ። ፍሪሲዮኑን ለቀቅሁ። ኮፈኑ ብድግ አለ። ነዳጅ ሰጠሁ። የእጅ ፍሬኑን አወረድኩ። ሄድን! ጋሼ "እሰይ!" ብለው ዳሽቦርዱን በመዳፋቸው መቱት። ማዘጋጃ ቤት ልንደርስ ትንሽ ሲቀረን በስፖኪዮው ወደ ኋላ አየሁ።

ነጩ ቪትዝ እዚያው ነው። ድንጋዩ ፊት ቆሟል። ክላክስ እየነፋለት ነው። ድንጋዩ ግን ንቅንቅ አላለም።