የጋቢናው ወንበር ሲነሳ

አገራችን የመካኒክ እጥረት አለባት የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ወደ እኔ ሰፈር ላኩት። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ ዶልፊኔን ላስነሳ ቁልፍ ሳዞር ይድረስ። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ሁለቴ አቃስቶ ሲዝል አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ስምንት ስፔሻሊስት ይከበዋል። እድራችን ጥሩምባ ነፍቶም እንዲህ ቶሎ ሰው አይሰበስብም።

ዶልፊን የምንለው ያው የድሮው ሃይስ ነው። ሞተሩ ያለው ከጋቢናው ወንበር ስር ነው። ጃፓኖቹ ለምን እዚያ እንደቀበሩት ድሮ አይገባኝም ነበር። ለካስ የእኛን ሰፈር አስበው ነው። ወንበሩ ሲነሳ በሁለቱም በር በኩል መታየት ይችላል፣ ከኋላ ተሳፋሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ አስተያየት መስጠትም ይቻላል።

የመጀመሪያው ሊቅ ሳያይ ነው የሚያውቀው። "አየር ገብቶበታል" ይላል፣ ገና መንገድ ሲሻገር። እውነት ነው፣ የናፍጣ መስመር ውስጥ አየር ከገባ ሞተር አይነሳም። ተራ መካኒክ ታዲያ አየሩ በየት በኩል እንደገባ ይፈልጋል። የእኛ ሰው እስከዚያ ድረስ አይወርድም። ፊልትሮው ላይ ያለችውን የእጅ ፓምፕ መቶ ጊዜ ይጫናታል፣ ላቡን ይጠርጋል፣ "አሁን ሞክረው" ይለኛል። አይነሳም። "አየሩ ብዙ ነው" ይላል። እንዲህ ያለ እርጋታ እኔ የለኝም።

ቀጥሎ ጡረተኛው ጋሼ በከዘራቸው ሰው ገፋ ገፋ አድርገው ይገባሉ። "ካንዴላውን አውጡና በብርጭቆ ወረቀት ፈትጉት!" የእኔ መኪና የናፍጣ ነው። የናፍጣ ሞተር አየሩን ጨምቆ በግለቱ ነው የሚያቀጣጥለው፣ እሳት የሚረጭ ካንዴላ የለውም። ያለው በብርድ ጊዜ የሚያሞቅ ካንዴሌታ ነው። ይህን ለጋሼ መንገር ግን ነውር ነው። እሳቸው በወጣትነታቸው ቮልሳቸውን ራሳቸው ይፈቱ ነበር። ገጥመዋት እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም።

የማደንቀው ግን ጭስ አንባቢውን ነው። ሲኒ የሚያነቡ ሴቶች እንኳ እንደ እሱ ደፍረው አይናገሩም። ሞተሩ ባይነሳም ሲፍጨረጨር ከማርሚታው ትንሽ ነጭ ጭስ ይተፋል። ወንድሜ ጎንበስ ብሎ ያያል፣ ያሸታል፣ ዓይኑን ይጨፍናል። ነጭ ከሆነ የሞተሩ ክዳን፣ ቴስታታው። ሰማያዊ ከሆነ የፒስተኑ ቀለበት፣ ፋሻው። ጥቁር ከሆነ ናፍጣ የሚረጨው ኖዝል። ጠዋት በብርድ ያልነደደ ናፍጣም ነጭ ይጨሳል እኮ፣ ግን እሱ በጣም ርካሽ ምርመራ ነው። ስለዚህ ቀለሙ ምንም ይሁን ምን ውሳኔው አንድ ነው። ሞተር ይውረድ።

መሣሪያ ይዞ የሚመጣ የለም። "አሥራ ሁለት ቁጥር አለህ?" ይሉኛል። ያለኝ ካቻቢቴና የተሰበረ ፒንሳ ነው። በዚህች ነው ባለፈው ሳምንት የሞተሩን ሙቀት የሚቆጣጠረውን ተርሞስታት አውጥተው የጣሉት። የማይነሳን መኪና ከተርሞስታት ጋር ምን አገናኘው አትሉኝም? "ለፈረንጅ አገር ብርድ የተሠራ ነው፣ እዚህ አያስፈልግም" ተባልኩ። ይህን ያለኝ ሰው ጋቢ ደርቦ ነበር።

ከውጭም ድጋፍ አለን። ዋሽንግተን ያለው የሚስቴ ወንድም በቪዲዮ ተደወለለት። "ስልኩን ወደ ሞተሩ አስጠጋው፣ ድምፁን ልስማ" አለ። አስጠጋሁ። ሁላችንም ዝም አልን። "በቃ፣ በቃ፣ ገባኝ። ኖዝል ነው፣ ይሰማኛል" አለ። ሞተሩ ግን አልተነሳም ነበር። የሰማው የጎረቤትን ወፍጮ ነው።

በዚሁ ምክር ተመርቼ ሁለት ቀን ሶማሌ ተራ ተመላለስኩ። ኖዝል ገዛሁ፣ ፊልትሮ ገዛሁ፣ አራት ካንዴሌታ ገዛሁ። የድሮዎቹም ደህና ነበሩ። ሻይና ፓስቲውን አልቆጥርም፣ ምክሩ በነፃ ነውና።

ትናንት ማታ ሁሉም ሲሄድ ባትሪውን አየሁት። ገመዱን ከባትሪው የሚያያይዘው ሞርሴቶ ላይ ነጭ ዱቄት ጋግሮበታል፣ በእጅ ሲነካም ይወዛወዛል። ነቅዬ በሙቅ ውሃ አጠብኩት፣ አደረቅኩት፣ አጠበቅኩት። ቁልፍ አዞርኩ። ተነሳ።

ጥፋቴ የገባኝ ዛሬ ጠዋት ነው። ዶልፊኗ እየሠራች ሲያገኟት ሰዎቹ ፊታቸው ጠቆረ። "ማን ነካው?" አሉ። ከዚያ ባለ አየሩ "አየሩ ሌሊት ወጥቶ ነው" አለ። ጋሼ "አልኳችሁ አይደል" አሉ። ጭስ አንባቢው ወደ ኋላ ዞሮ ጎንበስ አለ፣ ጭስ አጥቶ በጣም አዘነ። እኔም መሬት ላይ ያገኘኋቸውን ሁለት ብሎኖች አሳየኋቸው፣ የምን እንደሆኑ ቢነግሩኝ ብዬ።

"ትርፍ ናቸው" አሉኝ። "ጃፓን ያበዛል።"

ከተመካከሩ በኋላ ግን እንዲህ ዝም ብሎ የተነሳ ሞተር እንደማይታመን ተስማሙ። ቅዳሜ ቴስታታው ይወርዳል። ቁርስ በእኔ ነው።