95 በመቶ ለዘላለም ይኑር!

እኛ ሰዎች አመስጋኞች አይደለንም። ያላለቀ ሕንጻ ስናይ ማማረር ይቀናናል። ዛሬ እኔ ላመሰግን ነው የተነሳሁት።

ሰሜን ሸዋ ውስጥ፣ በደጋው በኩል፣ አንድ ትምህርት ቤት አለ። ስሙን አልጠራም። ብጠራው ሌሎቹ ቅር ይላቸዋል። "እኛስ ምን አጎደልን?" ይሉኛል። ትምህርት ቤቱ አራት ክፍል ያለው ብሎክ እያስገነባ ነው። ግንባታውን የሚከታተልና በጀቱን የሚያቅድ ኮሚቴም አለው። ብሎኩ 95 በመቶ ተጠናቋል።

አምናም 95 በመቶ ነበር። ካቻምናም።

ይህን የሚንቅ ሰው ነገሩ አልገባውም። የሲሚንቶ ዋጋ ይዘላል። ብር ይረክሳል። የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት አከፋፈሉ እንኳ ከ8-2-2 ወደ 6-2-4 ዓመት ተቀይሯል። ይህ ሁሉ ሲገለባበጥ አንድ ቁጥር ንቅንቅ ሳትል ቆማለች። እንደሷ የረጋ ነገር ካያችሁ ጥሩኝ። ደግሞ በትምህርት ቤት ኢንስፔክሽን 90 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣ ደረጃ 4 ነው፤ ከዚያ ወዲያ ደረጃ የለም። በዚህ ስሌት ብሎካችን ጣሪያ ነክቷል። ተማሪ አልገባበትም እንጂ።

"የቀረው 5 በመቶ ምንድነው?" ለሚል ነገረኛ ልንገረው። በር ነው። መስኮት ነው። ወለል ነው። ጥቁር ሰሌዳ ነው። መጸዳጃ ቤቱም እዚያው 5 በመቶ ውስጥ ተጠቃሏል። ከነዚህ በቀር ሁሉም አልቋል።

ልጆቹ እስከዚያው ዳስ ውስጥ ይማራሉ። በዳስ ደግሞ አየር እንደልብ ነው። ደብረ ብርሃን ራሷ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነች፤ ወደ መንዝ ሲወጣ 3 ሺህ ይታለፋል። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊት ውርጩ ሣሩን ነጭ አድርጎት ያድራል። ጠዋት አንድ ፍሬ ልጅ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ጣቱን በትንፋሹ እያሞቀ "ሀ ሁ" ሲል ጽናትን ይማራል። ጽናት የሚባል የትምህርት ዓይነት የለንም። ኮሚቴው በነጻ የጨመረልን ነው።

አሁን ወደ ኮሚቴው ዋና ጥበብ ልግባ። የጊዜ ሰሌዳ ነው። ሊቀመንበሩ በትዕግሥት አስረድተውኛል። እኔም እንዳለ አስተላልፋለሁ።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይገባል። ይህን ቀን የመረጠው ሰው ግንበኛ አልነበረም። ሐምሌና ነሐሴ ሰማዩ ተቀዶ ነው የሚውለው። አሸዋ የጫነ መኪና መንገድ ላይ ይቀራል፤ በጅሩ ጥቁር አፈር በኩል ከመጣማ እስከ መስከረም አይነሳም። መስከረም ደግሞ እንቁጣጣሽ አለ፣ መስቀል አለ፣ ምዝገባ አለ። በጀቱም ገና "ከላይ አልተለቀቀም"። ጥቅምትና ኅዳር አጨዳ ነው። ታኅሣሥ ውቂያ ነው፤ ሰው ከአውድማ አይወጣም። ጥር ጥምቀት ነው፣ ከጥምቀት ቀጥሎ ሠርግ። የኮሚቴው አባላት የተከበሩ የአገር ሽማግሌዎች ስለሆኑ ያልተጠሩበት ሠርግ የለም። የካቲትና መጋቢት ደጋው ላይ በልግ ይዘንባል፣ ገብስ ይዘራል። ዐቢይ ጾምም ነው። ጾመኛ ድንጋይ ይሸከም ልትሉ ነው? ሚያዝያ ፋሲካ አለ። ግንቦት ልደታ አለች። ከልደታ ወዲህ ያለው ግንቦት ለፕሮፎርማ የተተወ ነው።

ለሥራ ነጻ የሆነች ወር ጳጉሜ ብቻ ሆና ተገኘች። እሷ ደግሞ 5 ቀን ናት። በአራት ዓመት አንዴ 6 ትሆናለች። ኮሚቴው ያቺን ስድስተኛ ቀን በጉጉት ይጠብቃል።

ሰኔን ዘለልካት እንዳትሉኝ። ሰኔ ለብቻዋ ነው የምትወራው። ሰኔ 30 ሒሳብ ይዘጋል፤ ያልተሠራበት ብር ተመላሽ ነው። ብር ማስመለስ ደግሞ የሚያስገመግም ነውር ነው። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ የተኛው ኮሚቴ በሰኔ ጫማውን ሳያስር ይሮጣል። አንድ ሰኔ ወንበር ተገዛ። ክፍል የለም፣ ወንበር ግን ሞልቷል። ሌላ ሰኔ ቀለም ተገዛ። ግድግዳው ገና አልተለሰነም፤ ቀለሙ ግን በጊዜው ገብቷል፣ በጊዜውም ቆርቆሮው ውስጥ ደርቋል። ሌላ ሰኔ ደግሞ፣ መብራት ባልገባበት ትምህርት ቤት፣ ፕሪንተር ተገዛ። እስከዛሬ ከካርቶኑ አልወጣም። በየዓመቱ በንብረት ቆጠራ ይቆጠራል። ጤንነቱ የተሟላ ነው።

ፕሮፎርማውን ነካ አድርጌ ልለፍ። ለአንድ ዕቃ ከሦስት ነጋዴ ዋጋ ማሰባሰብ ግድ ነው። ለዚህ ሦስት ሰው ደብረ ብርሃን ይወርዳል። ውሎ አበል አለው። ሦስቱ ሰዎች ሦስት ወረቀት ይዘው ይመለሳሉ። ኮሚቴው ምልዓተ ጉባኤ አሟልቶ ወረቀቶቹን እስኪያይ የዋጋው ጊዜ ያልፋል። ነጋዴውም "በዚያ ዋጋማ የለም" ይላል። ሦስቱ ሰዎች እንደገና ይወርዳሉ። ውሎ አበል አለው። ሰውን በማመላለስ የጠፋው ብር ስንት በር ይገዛ ነበር ብዬ ላሰላ ጀምሬ ተውኩት። ምስጋና ላይ ሒሳብ አይነሳም።

የበጀት ዕቅድ አወጣጣቸውም ቢሆን ይደነቃል። ያለፈውን ዓመት ዕቅድ ያወጣሉ። ዓመተ ምሕረቱን ይለውጣሉ። 10 በመቶ ይጨምራሉ። አለቀ። አንድ ጊዜ ዓመተ ምሕረቱን መለወጥ ተረስቶ ያለፈው ዕቅድ እንዳለ በድጋሚ ጸድቋል። ማንም አላወቀም፤ ምክንያቱም የሚሠራው ሥራ ያው ነው። የድጎማው ብር የሚመጣው በተማሪ ቁጥር ተሰልቶ ስለሆነ እዚያ ላይ በጣም ይጠነቀቃሉ። ዕቅዱ ላይ ያለው የተማሪ ቁጥርና ዳሱ ውስጥ ያለው የተማሪ ቁጥር ዘመዳሞች ናቸው፤ መንትዮች ናቸው ብሎ የማለ ግን የለም።

ኮሚቴው ምንም አልጨረሰም የሚል ካለ ውሸቱን ነው። ቃለ ጉባኤ ጨርሷል። መዝገቡ ወፍራም ነው፣ ጽሑፉ ቁም ጽሕፈት ነው፣ ማኅተሙ ጥርት ያለ ነው። አንዱን ገጽ አሳይተውኝ ነበር። "በጥንካሬ የታየ፦ ስብሰባው በሰዓቱ ተጀምሯል። በክፍተት የታየ፦ ሕንጻው። በቀጣይ፦ የተጀመረው ክትትል ተጠናክሮ ይቀጥላል።" እንዲህ እጥር ምጥን ያለ ጽሑፍ ከየት ይገኛል?

የንዑስ ኮሚቴው ብዛትስ! የበር ንዑስ ኮሚቴ አለ። የመስኮት አለ። ሁለቱን የሚያስተባብር የበርና መስኮት ዐቢይ ኮሚቴ አለ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? ጥፋትም እንደዚያው ነው። ለሁሉም ሲከፋፈል ለአንድ ሰው የምትደርሰው ድርሻ ኪስ ውስጥ ትገባለች። ማንንም አታጎብጥም።

አንድ ጊዜ ለልምድ ልውውጥ ራቅ ወዳለ ወረዳ ተጉዘው ያለቀ ሕንጻ አይተዋል። ዙሪያውን ዞሩት። በሩን ከፍተው ዘጉት። በሪፖርታቸው "ያለቀ ሕንጻ በየጊዜው ጥገና እንደሚፈልግ ትምህርት ወስደናል" ብለው ጻፉ። ከዚያ ወዲህ ጥንቃቄያቸው ጨምሯል።

የድሮ ሰዎች ከዚህ ኮሚቴ ጋር ሲነጻጸሩ ምን ያህል ኋላ ቀር እንደነበሩ እስቲ ላሳያችሁ። መንዝ ላይ ጓሳ አለ፤ ከ3,200 ሜትር በላይ ያለው ሣራማ ተራራ። ሣሩ ለክዳን፣ ለገመድ፣ ለከብት ይፈለጋል። ፈላጊው ብዙ ነው። አባቶች ቀሮ በሚባል ሥርዓት ለረጅም ዘመን ሲጠብቁት ኖሩ። ሣሩ እንዲያገግም 3 ዓመት፣ አንዳንዴም እስከ 5 ዓመት ይዘጉታል። ከዚያ ቀን ቆርጠው ይከፍቱታል። ቀን ቆርጠው! ያውም ቀኑ ሲደርስ የምር ይከፈታል። ባነር የለ፣ ሃይላንድ ውኃ የለ፣ ውሎ አበል የለ። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ቀሮ ቀረ። ያም ሆኖ የአካባቢው ሰው እስከ ዛሬ ጓሳን ይጠብቃል፤ ጭላዳውም ቀይ ቀበሮውም አለ። ስንት በመቶ እንደተጠበቀ ግን ማን ሪፖርት አደረገ?

በዚያው አገር ባለቤቱ ድንጋይ ይደረድራል፣ ጎረቤቱን በደቦ ይጠራል፣ ጣሪያውን በጓሳ ሣር ይከድናል። በአንድ በጋ ቤቱ ገብቶ እሳት ያነዳል። እንዴት ያለ መቅበዝበዝ ነው! ያልተገመገመ ግድግዳ። ያልተመረቀ ምድጃ። ሰው በስንት በመቶ ላይ እንዳለ በማያውቀው ቤት ውስጥ እንዴት እንቅልፍ ይወስደዋል?

ኮሚቴያችን እንዲህ አይልከሰከስም። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" የሚለውን ተረት ሊቀመንበሩ በየስብሰባው ይተርታሉ። ምክትላቸው ደግሞ "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ይላሉ። እንቁላሉማ ሄዷል። አድጎ አውራ ዶሮ ሆኖ፣ ለፋሲካ ታርዶ ተበልቷል። ብሎኩ ነው ያለበት የቆመው።

እዚህ ላይ ቀልዱን ላቁም። አጣዬና አካባቢው በ2013 ተቃጥሏል። በ2014 ጦርነቱ ሸዋ ድረስ ዘልቆ የተዘረፈና የወደመ ትምህርት ቤት ብዙ ነው። እዚያ ያልቆመ ግድግዳ ካለ ምክንያቱ ይገባኛል፤ በዚያ አልሳለቅም። የእኛ ብሎክ ግን ከዚያ ሁሉ በፊትም 95 በመቶ ላይ ነበር። ጥይት ያልደረሰበትን ሕንጻ በጦርነት ማሳበብ ሲጀመር ሰምቼ ነው ይህን ማንሳቴ።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ብሎኩ ተመርቋል። አዎ፣ 95 በመቶ ላይ እያለ። ከላይ እንግዳ ይመጣል ሲባል የፊት ለፊቱ ግድግዳ በአንድ ሌሊት ተለስኖ ተቀባ። የኋላው እንዳለ ነው፤ እንግዳ ከኋላ አይመጣም። ሪባን ተቆረጠ። ተማሪዎች በውርጭ ተሰልፈው ዘመሩ። በግ ታረደ። እብነ በረዱ ላይ "ተገንብቶ ተመረቀ" ተብሎ ተቀርጿል። ከግቢው ውስጥ 100 በመቶ ያለቀ ነገር እሱ ድንጋይ ነው። እንግዳው በበሩ ቀዳዳ አሻግረው አይተው "ሰፊ ነው" አሉ። ጭብጨባ ሆነ።

ተቋራጩን ያነሳ አልነበረም። እሱ ከሄደ ቆይቷል። በብዙ የግንባታ ውል እንደሚደረገው ለጉድለት ማስያዣ 5 በመቶ ክፍያ ተይዞበት ነበር። ዋጋው ሁሉ ሲንር ሰውየው አስልቶ አየው። የተያዘበት ብር የቀረውን በርና መስኮት አይገዛም። እናንተም 5 በመቶዬን ያዙ፣ እኔም 5 በመቶዬን ልተው ብሎ ሄደ። እንደሱ ፈጥኖ ማቀድ የሚችል ሰው በኮሚቴው ውስጥ ቢኖር ምን ነበረበት።

አንድ ክፍል ግን ሙሉ በሙሉ አልቋል። ይህን ካልመሰከርኩ ሐሜተኛ ነኝ። በር አለው። የመስኮቱ መስታወት ተገጥሟል። ወለሉ ሊሾ ነው። መጋረጃውም አረንጓዴ ነው። "ክትትሉን ለማጠናከር" በሚል ለኮሚቴው ስብሰባ ቅድሚያ የተሰጠው ክፍል ነው። ያ ሁሉ ወንበርም አልባከነም፣ እዚያ ገብቷል። ብርድ በሆነ ቀን ስብሰባው ረዘም ይላል። ዳሱ ውስጥ ያሉት ልጆች በመስታወቱ በኩል የክትትሉን ሂደት መከታተል ይችላሉ።

ባለፈው የወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረት ተሰብስቦ ነበር። "ልዩ ልዩ" ላይ የተማሪዎች ተወካይ የሆነች ልጅ እጇን አወጣች። "መቼ ነው የምንገባበት?" አለች። ሊቀመንበሩ በጣም ደስ አላቸው። "ጎበዝ! እንዲህ ያለ ትውልድ ነው የምንፈልገው። ጥያቄው በቃለ ጉባኤ ይያዝ" አሉ። ተያዘ።

በዚያው ዕለት አዲስ የወላጅ ተወካይ ተመረጠ። ወጣት ነው። የብሎኩ መሠረት ሲቆፈር የ1ኛ ክፍል ተማሪ ነበር። ድንጋይ ያቀበለ ልጅ ነው። አሁን የራሱን ልጅ ዳስ አስገብቶ ነው የመጣው። ሊቀመንበሩ አቅፈው ሳሙት።

"እንኳን ደህና መጣህ ልጄ። የት ልመድብህ?"

"ጋሼ፣ ማጠናቀቂያው ላይ ብገባ ደስ ይለኛል።"

"እሱስ ሞልቷል" አሉት። "አሁን የሰው እጥረት ያለብን የሁለተኛው ብሎክ መሠረት ድንጋይ ንዑስ ኮሚቴ ላይ ነው።"