ማስታወቂያ ማገድ ስርቆት አይደለም

የጀርመን ፌዴራል የፍትሕ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ጁላይ 31 ቀን 2025 የሰጠው ውሳኔ፣ የቢልድ እና የዲ ቬልት አሳታሚ የሆነው አክስል ስፕሪንገር ከአሥር ዓመት በላይ ሲያንኳኳው የኖረውን በር እንደገና ገርበብ አድርጎለታል። ኩባንያው አድብሎክ ፕላስ የተባለውን ማስታወቂያ ማገጃ (በድረ ገጽ ላይ ማስታወቂያ እንዳይታይ የሚያደርግ ሶፍትዌር) በሚያሠራጨው አይኦ በተባለ ኩባንያ ላይ የመሠረተው የቅጂ መብት ክስ በሐምቡርግ በሁለቱም እርከን ውድቅ ሆኖበት ነበር፤ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ግን ጉዳዩ በቂ ምርመራ አልተደረገበትም ብሎ ወደ ሐምቡርግ መለሰው። ውሳኔው ማገድን ሕገ ወጥ አላለም። ይሁን እንጂ ማስታወቂያ የሚያግድ አንባቢ የጋዜጠኛውን እንጀራ ይሰርቃል የሚለው አሮጌ ክስ ከዚያ ወዲህ በአዲስ ጉልበት ተመልሷል፤ በአማርኛ የሚጽፉ የመገናኛ ብዙኃን ባለቤቶችም ሲደግሙት መስማት ጀምሬአለሁ። ክሱ ሐሰት ነው። ሐሰት ብቻም ሳይሆን፣ አሳታሚዎችን በእርግጥ የሚያደኸዩትን ወገኖች ከተጠያቂነት የሚሸሽግ ነው።

ከመከራከሪያዎቹ ሁሉ የደከመው ‹ያልተጻፈ ውል› የሚሉት ነው። ጽሑፉን በነጻ ስታነብ ማስታወቂያውን ለማየት ተስማምተሃል ይሉናል። ይህ ክርክር ለድረ ገጽ የተፈጠረ እንኳ አይደለም፤ የተርነር ብሮድካስቲንግ ዋና ሥራ አስፈጻሚ የነበሩት ጄሚ ኬልነር እ.ኤ.አ. በ2002 ፕሮግራም ቀድተው ማስታወቂያውን የሚዘልሉ የቴሌቪዥን ተመልካቾችን በስርቆት ሲወነጅሉ ያቀረቡት ይህንኑ ነበር፤ ተመልካቹ በማስታወቂያ ሰዓት ወደ መጸዳጃ ቤት ቢሄድ ግን በተወሰነ መጠን እንደሚታገሡት ጨምረው ተናግረዋል። ከወንበሩ መነሣት እንኳ የሌላ ወገን ቸርነት የሚያስፈልገውን ሰው ተዋዋይ ብሎ መጥራት ድፍረት ነው። የድረ ገጽ አንባቢ ማስፈንጠሪያውን ከመጫኑ በፊት ምን ዓይነት ማስታወቂያ እንደሚጠብቀው፣ ስንት ኩባንያ እንደሚከታተለው፣ ስለ እርሱ የተሰበሰበው መረጃ ለማን እንደሚተላለፍ የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር አንብቦ ሳይጨርስ የጉብኝቱ ዜና ማስታወቂያ ሊያሳዩት ለሚሻሙ፣ ስማቸውን ሰምቶ ለማያውቃቸው ተጫራቾች ደርሷል። የእሑዱን ሪፖርተር ገዝቶ የጨረታ ገጾቹን ሳይገልጥ ወደሚፈልገው ዐምድ የሚያልፈውን ሰው ሌባ ያለው አሳታሚ እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

አክስል ስፕሪንገርም ቢሆን የውሉ ነገር እንደማያዋጣው የተረዳ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2018 ያው የጀርመን ፌዴራል ፍርድ ቤት ማገጃው ኢፍትሐዊ የንግድ ውድድር አይደለም ብሎ ከፈረደበት በኋላ ተስፋውን በቅጂ መብት ላይ ጣለ። የአሁኑ ክርክሩ የድረ ገጹ ኮድ፣ ከእርሱም ተነሥቶ በአንባቢው ብራውዘር ውስጥ የሚገነባው መዋቅር ጭምር፣ በሕግ የተጠበቀ የኮምፒውተር ፕሮግራም ስለሆነ ያለ ፈቃዴ ሊነካ አይችልም የሚል ነው። እዚህ ላይ ነው ቆም ማለት የሚያስፈልገው፤ ምክንያቱም ይህ ክርክር ካሸነፈ የሚጎዳው ማገጃ የጫነው ሰው ብቻ አይሆንም።

አንድ ገጽ ስንከፍት ከአሳታሚው ሰርቨር የሚመጣልን በፊደላት የተጻፈ መመሪያ ነው፤ ርእሱ ይኸውና፣ ምስሉን ከዚህ አምጣ፣ ማስታወቂያውን ደግሞ ከዚያኛው ኩባንያ ሰርቨር ጠይቅ የሚል። መመሪያውን አንብቦ ገጹን የሚገነባው በእኛ ስልክ ላይ፣ በእኛ ባትሪ፣ በእኛ ማኅደረ ትውስታ የሚሠራው ብራውዘር ነው። ማገጃው የሚያደርገው ነገር በአብዛኛው አንድ ነው፤ ወደ ሦስተኛው ወገን ሰርቨር ሊላክ የነበረውን ጥያቄ ያስቀረዋል። የተረፈውን ባዶ ቦታ ደግሞ ይሰውረዋል። ያልተጠየቀ ፋይል አልተገለበጠም፣ አልተለወጠም፣ አልተባዛም። በአሳታሚው ሰርቨር ላይ ያለው ገጽም አንዲት ፊደል ሳትጎድልበት እንዳለ ነው። ታዲያ የተጣሰው የቅጂ መብት የቱ ነው?

መልሳቸው በብራውዘሩ ውስጥ የሚፈጠረው መዋቅር ተለውጧል የሚል ነው። ይህ መዋቅር ግን ማገጃ በሌለበትም ሳያቋርጥ ይለወጣል። ማየት የተሳናቸው ሰዎች የሚጠቀሙባቸው አንባቢ ሶፍትዌሮች ገጹን አሳታሚው ካሰበው በተለየ ቅርጽ ያቀርቡታል። ዓይኑ የደከመ ሰው ፊደሉን ሲያሳድግ፣ ሌላው ማታ ማታ ነጩን ገጽ ወደ ጥቁር ሲለውጥ፣ ሦስተኛው ዳታ ለመቆጠብ ምስሎችን ሲዘጋ አሳታሚውን አያስፈቅዱም። ፍራንክፈርት የሚኖር ወገናችን የጀርመንኛ ዜና በብራውዘሩ መተርጎሚያ ወደ አማርኛ መልሶ ሲያነብ፣ አሳታሚው የላከውን እያንዳንዱን ቃል በሌላ ቃል ተክቶ ነው፤ ማስታወቂያን ከመሰወር ይልቅ ይህ እጅግ ጥልቅ ለውጥ ነው። እኛ የግእዝ ፊደል ተጠቃሚዎች ደግሞ ጉዳዩን ከማንም በላይ ልናውቀው ይገባል። ዊንዶውስ ቪስታ እ.ኤ.አ. በ2007 ኒያላ የተባለውን ፊደል ይዞ ከመምጣቱ በፊት፣ ብዙ የአማርኛ ገጾች በባዶ ሳጥኖች ተሞልተው ይታዩ ስለነበር አንባቢው ፊደሉን ራሱ አፈላልጎ ጭኖ፣ ገጹን በራሱ ማሽን ላይ በራሱ ምርጫ እንዲነበብ አድርጎ ነው ያነበበው። አሳታሚው በሰው ማሽን ውስጥ የሚታየውን ሁሉ የማዘዝ መብት ቢኖረው ኖሮ፣ ይህ ሁሉ በፈቃድ የሚደረግ ነገር በሆነ ነበር። ማየት ለተሳነው አንባቢ የሚፈቅድ፣ ማስታወቂያ የማይፈልገውን የሚከለክል ልዩ የቅጂ መብት ሊኖር አይችልም፤ በቴክኒክ ዓይን ሁለቱም አንድ ድርጊት ናቸውና።

የአውሮፓ ኅብረት የፍትሕ ፍርድ ቤት ይህን መሰል ክርክር አስቀድሞ አይቶታል። ሶኒ፣ ዳቴል የተባለው ኩባንያ በጨዋታ መሣሪያው ማኅደረ ትውስታ ውስጥ ያሉ ተለዋዋጭ እሴቶችን የሚቀይር ሶፍትዌር ሸጦብኛል ብሎ ሲከስ፣ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2024 ኮዱ ራሱ እስካልተነካ ድረስ እነዚህ እሴቶች በፕሮግራም ቅጂ መብት እንደማይጠበቁ ወስኗል። መቀመጫው ካርልስሩሄ የሆነው የጀርመኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኞች ብራውዘሩ የሚያመነጨው ባይትኮድ (ማሽኑ እንዲያስፈጽመው የተዘጋጀ የኮዱ መካከለኛ ቅርጽ) ከዚህ ይለያል ወይ የሚለውን ጥያቄ ክፍት መተዋቸው ለሕግ ሊቃውንት የጥንቃቄ ምልክት ሊመስል ይችላል። ለእኔ ግን መዘጋት የሚገባው ነገር ሳይዘጋ መቅረቱ ነው፤ በዚህ ክፍተት ምክንያት ገና ዓመታት የሚወስድ ሙግት፣ ጠበቃ ለማቆም አቅም በሌላቸው የሶፍትዌር ሠሪዎች አናት ላይ ተንጠልጥሎ ይቆያል።

ስለ ስርቆት መናገር ካስፈለገ ከዳታው እንጀምር። በአገራችን አብዛኛው ሰው ኢንተርኔት የሚጠቀመው ከኢትዮ ቴሌኮም ወይም ከሳፋሪኮም በሚገዛው የሞባይል ዳታ ጥቅል ነው። ሳይጠየቅ የሚከፈተው የቪዲዮ ማስታወቂያ፣ ከጀርባ የሚሮጡት የመከታተያ ኮዶች፣ በሰከንድ ክፍልፋይ የሚካሄደው የማስታወቂያ ጨረታ፣ ሁሉም ሂሳባቸው የሚቆረጠው ከዚያው ጥቅል ነው። አንባቢው ሊያነበው ለፈለገው ጽሑፍ ብቻ ሳይሆን እርሱን ለመሰለል ለሚላከው ኮድም ጭምር ከኪሱ ይከፍላል። ይህን ወጪ ለማስቀረት የወሰነ ሰው የማንንም ንብረት አልወሰደም፤ የራሱን ገንዘብ ጠበቀ እንጂ።

ከማስታወቂያው የሚገኘው ገንዘብስ በእርግጥ ለጋዜጠኛው ይደርሳል? የብሪታንያ ማስታወቂያ አስነጋሪዎች ማኅበር በፕራይስዋተርሃውስኩፐርስ አስጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ጥናት ለአሳታሚው የደረሰው ከወጪው 51 በመቶ ብቻ ነበር፤ 15 በመቶው ደግሞ የት እንደገባ ባለሙያዎቹ ሊደርሱበት አልቻሉም። በአሜሪካ አቻው ማኅበር በ2023 ባወጣው ጥናት፣ አስነጋሪው በአውቶማቲክ የግዢ ሥርዓት ውስጥ ካስገባው እያንዳንዱ ዶላር በትክክል ለተመልካች ደረሰ ሊባል የሚችለው 36 ሳንቲም ነው። በኤፕሪል 2025 የቨርጂኒያዋ ፌዴራል ዳኛ ሊዮኒ ብሪንከማ ጉግል በአሳታሚዎች የማስታወቂያ ሰርቨርና በማስታወቂያ ልውውጥ ገበያው ላይ በሕገ ወጥ መንገድ ሞኖፖሊ ይዟል ብለው ፈርደዋል፤ የአውሮፓ ኮሚሽንም በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር በዚሁ ዘርፍ በፈጸመው ጥፋት 2.95 ቢሊዮን ዩሮ ቀጥቶታል። የአሳታሚውን እንጀራ የቆረሰው ማን እንደሆነ በፍርድ ቤት መዝገብ ተጽፎ ሳለ፣ ጣትን ወደ አንባቢው መቀሰር ነውር ነው። ይኸው ጉግል ክሮም የተባለውን ብራውዘሩን ሲያሻሽል፣ ሬይመንድ ሂል ያለ አንዳች ልገሳ የሠራው ዩብሎክ ኦሪጅን የተባለ ማስታወቂያ ማገጃ ከ2024 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ከብራውዘሩ እንዲወጣ ማድረጉም በአጋጣሚ የሆነ ነው ብዬ አላምንም።

የደኅንነቱም ጉዳይ አለ። እ.ኤ.አ. በማርች 2016 የኒውዮርክ ታይምስንና የቢቢሲን የመሳሰሉ ታላላቅ ገጾች ሳያውቁ ተንኮል አዘል ማስታወቂያ ለአንባቢዎቻቸው አስተላልፈዋል፤ ሳያውቁ ያልኩት በራሳቸው ገጽ ላይ የሚወጣውን ማስታወቂያ የሚመርጡት እነርሱ ስላልሆኑ ነው። የአሜሪካው የፌዴራል ምርመራ ቢሮ በዲሴምበር 2022 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ አጭበርባሪዎች ታዋቂ ድርጅቶችን መስለው በመፈለጊያ ገጾች ላይ ማስታወቂያ ስለሚገዙ ሕዝቡ ማስታወቂያ ማገጃ እንዲጠቀም መክሯል። ወንጀልን የሚከላከል ተቋም እንደ ጥንቃቄ የሚመክረውን ነገር ስርቆት ብሎ መጥራት እንዴት ይቻላል?

ጋዜጠኝነት ገንዘብ እንደሚጠይቅ አልክድም፤ የአይኦ ጠበቃም አይደለሁም። ኩባንያው ከ2011 ጀምሮ ‹ተቀባይነት ያላቸው ማስታወቂያዎች› በሚል መርሐ ግብር ትልልቆቹን ድርጅቶች እያስከፈለ ማስታወቂያቸውን በራሱ አጥር በኩል የሚያሳልፍ በመሆኑ፣ በአንባቢ ስም የሚነግድ ደላላ አድርጌ ነው የማየው። ነገር ግን የእርሱ ጥፋት የአንባቢውን መብት አይቀንሰውም።

በአማርኛ ለሚያሳትሙ ሰዎች የምለው ግልጽ ነው። ገጻችሁን ለውርርድ ድርጅቶችና በሳምንት ውፍረት እናጠፋለን ለሚሉ መድኃኒት ሻጮች በማታውቁት ደላላ በኩል አታከራዩ። ማስታወቂያውን ከአዲስ አበባው ትምህርት ቤት፣ ከዋሽንግተኑ ምግብ ቤት፣ ከፍራንክፈርቱ የጉዞ ወኪል በቀጥታ ተቀበሉ፤ ይዘቱን እንደ ጽሑፋችሁ መርምሩት፤ ከራሳችሁ ሰርቨር ላይ፣ መከታተያ ሳትለጥፉበት አውጡት። ከሦስተኛ ወገን ሰርቨር ያልተጠራ ተራ ምስል አብዛኛውን ጊዜ በማገጃ አይነካም፤ ከተነካም እንኳ አንባቢያችሁን እንዲከፍትላችሁ በሐቀኝነት ለመጠየቅ የሚያበቃ ምክንያት ይኖራችኋል። በቴሌብር የሚከፈል መጠነኛ ድጋፍም ጠይቁ፤ የአንባቢ ገንዘብ በመንገድ ላይ ግማሹን የሚያስቀር ደላላ የለበትም።

ይህ እስኪሆን ድረስ በአንድሮይድ ስልኩ ላይ ፋየርፎክስን ጭኖ ዩብሎክ ኦሪጅንን መጨመር ለሚፈልግ ሁሉ አደራረጉን አሳያለሁ፤ የሐምቡርጉ ፍርድ ቤትም ክሱን ለሦስተኛ ጊዜ ውድቅ እንዲያደርገው እጠብቃለሁ።