መልእክቱ ምንድን ነው?

ክርክሩን ያመጣችው ከቶሮንቶ ለእረፍት የመጣች የሰፈራችን ልጅ ናት። ቡና እየተጠጣ ላፕቶፗን ከፈተችና አንድ የድሮ ኮሜዲ አሳየችን። «ሚትቦልስ» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣ የካናዳ ፊልም ነው። ትምህርት ሲዘጋ ልጆች ሐይቅ ዳር ወዳለ ካምፕ ይላካሉ። ይዋኛሉ፣ ይቀላለዳሉ፣ ይፋቀራሉ። ከዚያ አውቶቡሱ መጥቶ ይመልሳቸዋል። አለቀ።

«መልእክቱ ምንድን ነው ታዲያ?» አሉ ጋሼ።

ጋሼ ጡረታ የወጡ የሂሳብ ሹም ናቸው። ገቢና ወጪው ካልተመጣጠነ ፊልምም አይጥማቸውም።

«መሳቅ ነው ጋሼ» አለች ልጅቷ።

«ለመሳቅማ እኔ ሳልከፍልም እስቃለሁ። ደግሞ ተመልከቺ፤ ልጆቹ ልጆች፣ ጠባቂዎቹም ልጆች። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም!»

ይቺን ተረት ልብ በሉልኝ። ያን ቀን ከቡና ቁርሱም በላይ የቀረበችልን እሷ ነች።

እርግጥ ነው፣ ፊልሙ ውስጥ ትልቅ ሰው የለም ማለት ይቻላል። የካምፑ ኃላፊ አለ። እሱንም ሌሊት በተኛበት ከነአልጋው ተሸክመው ያወጡታል። ጠዋት ሲነቃ ራሱን ሌላ ቦታ ያገኘዋል። እኔ እዚህ ጋ በሳቅ ፈረስኩ። ጋሼም አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ኋላ ስንጠይቃቸው «ሳል ነው» አሉ።

ልጅቷ ፊልሙ የተቀረጸበትን አካባቢ ታውቀዋለች። ሃሊበርተን ይባላል፤ ኦንታሪዮ ውስጥ ነው፤ ከቶሮንቶ በመኪና ሦስት ሰዓት ገደማ። ካምፑ የእውነት ካምፕ ነው። ከኋላ ከሚሯሯጡት ውስጥም የእውነት ለእረፍት የገቡ ልጆች አሉበት። ዋናው ተዋናይ ቢል መሪ ያኔ የሚታወቀው በቴሌቪዥን ቀልድ ነበር፤ በፊልም መሪ ተዋናይ ሲሆን የመጀመሪያው ነው። ቀረጻው እስኪጀመር ድረስ ይምጣ ይቅር እርግጠኛ የነበረ ሰው አልነበረም ይባላል። ዳይሬክተሩ ኢቫን ራይትማን ግን ተስፋ አልቆረጠበትም። ሁለቱ ኋላ፣ በ1984፣ «ጎስትባስተርስ»ን አብረው ሠሩ።

«እንግዲህ ሥራ ገበታው ላይ የማይገኝ ሰው ነው ልጆቹን የሚመራው!» አሉ ጋሼ። «ልጅ ያቦካው…»

«ለራት አይበቃም» ብለን ጨረስንላቸው።

ሞባይል የሚጠግነው ጎረቤታችን እስከዚያ ዝም ብሎ ነበር። «ማንም አይሞትም እንዴ?» አለ። ልጅቷ የሚሞትበትም እንዳለ ነገረችው፤ በዓመቱ፣ በ1980፣ ካምፕ ውስጥ ወጣቶች አንድ በአንድ የሚገደሉበት ፊልም ወጥቷል። ደስ አለው። ስሙን ስልኩ ላይ ጻፈና ወደ ቡናው ተመለሰ።

ትልቁ ጭቅጭቅ የተነሳው ውድድሩ ላይ ስንደርስ ነው። ከሐይቁ ማዶ የሀብታም ልጆች ካምፕ አለ። በየዓመቱ ይገጥሟቸዋል፤ በየዓመቱ እነዚህ ይሸነፋሉ። በመጀመሪያው ቀን ድብን ተደርገው ከተሸነፉ በኋላ፣ ማታ ቢል መሪ ተነስቶ ይናገራል። «ታሸንፋላችሁ» አይላቸውም። ብናሸንፍም ብንሸነፍም ምንም ለውጥ የለውም ነው የሚላቸው። ልጆቹም ያንኑ እየደጋገሙ አዳራሹን ያናውጡታል።

ጋሼ ስኒውን አስቀመጡ። «ይሄ ነው ለልጅ የሚነገረው? ለውጥ የለውም?»

«በማግስቱኮ ያሸንፋሉ ጋሼ።»

«ያሸንፋሉ? ታዲያ መልእክቱ ማሸነፍ ነዋ!» ሂሳቡ ተዘጋላቸው። ፊታቸው ሁሉ በራ።

እኔ ግን የፊልሙ ጣዕም እዚያች ማታ ላይ ነው እላለሁ። ሲንቀጠቀጡ የነበሩ ልጆች በአንዴ ፈታ ይላሉ። ሩዲ የሚባል ማንም የማያጫውተው ልጅ አለ፤ ቢል መሪ ጠዋት ጠዋት አብሮት ይሮጣል እንጂ ምክር አያበዛበትም። መጨረሻ ላይ ሩጫውን የሚያሸንፈው ያ ልጅ ነው። ትምህርት ቤቱ የረሳው ልጅ ካምፕ ውስጥ ሰው ይሆናል። እንደዚህ ያሉ ፊልሞች የሚወደዱት ለዚህ ነው። ወላጅ የለም፣ የፈተና ውጤት የለም። ሁሉም በሳምንታት ውስጥ እንደሚያልቅ ይታወቃል። ስለዚህ ቢወድቁም የሚጎዳ ነገር የለም። ጋሼ ስለ ብልግናውም አንስተው ነበር። እውነት ነው፣ አለበት፤ ልለፈው።

ልጅቷ ሌላም ጨመረችልን። በ2001 የወጣ «ዌት ሆት አሜሪካን ሰመር» የሚባል አለ። ስለ ፀሐያማ ካምፕ ሊቀርጹ ሄደው ዝናቡ ከቀን ቀን አላባራ ብሏቸዋል። ሠላሳ ዓመት ገደማ የሆናቸው ሰዎች ሆን ተብሎ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሆነው ይጫወታሉ፤ ቀልዱ እሱ ነው። ሲኒማ ቤት ገንዘብ አላመጣም። ቀስ በቀስ ግን ወዳጅ አፈራና በ2015 በተከታታይ ድራማ ተመለሰ።

«ይሄማ ጭራሽ!» አሉ ጋሼ። «ሽማግሌ ያቦካው!»

እውነቱን ልናገር፣ ጋሼን ብቻቸውን አልወቅስም። እኛ ጋ ቀልድ ብቻውን አይሄድም፤ ምክር አጅቦት ካልገባ ያፍራል። ኮሜዲ ነው ብለው ጠርተውን መጨረሻው የሆስፒታል ኮሪደር ላይ ለቅሶ ይሆናል። ታክሲ ውስጥ የተለጠፈው ጥቅስ ይመክረኛል። ማስታወቂያው ይመክረኛል። ስልኬን ስከፍት ኮት የለበሰ ጎረምሳ ዛሬ ስንት ደቂቃ እንዳባከንኩ ይጠይቀኛል። ወንድሜ፣ ያባከንኩት አንተን ሳዳምጥ ነው!

ልጆቹንማ ተዉት። ሰኔ ላይ ትምህርት ይዘጋል፤ ሐምሌ ላይ ማጠናከሪያ ይጀመራል። ጠዋት ሒሳብ፣ ከሰዓት እንግሊዝኛ፣ ቅዳሜ ኮዲንግ። የተረፈችውን ሰዓት ቤት ተቆልፎባቸው ስልክ ላይ ተደፍተው ይውላሉ። ከዚያ «የዘንድሮ ልጅ ከሰው አይግባባም» እንላለን። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይላሉ ጋሼ። ቡኮውን መች አስነካናቸው?

እኛ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ፕላኑ ላይ የልጆች መጫወቻ ተብሎ የተሳለ ቦታ አለ። ኮሚቴው «ኳስ መጫወት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ተክሎበታል። ምክንያቱ የመኪና መስታወት እንዳይሰበር ነው። መኪኖቹ እዚያ ምን ይሠራሉ ብሎ የጠየቀ የለም። ሦስት ናቸው። አንደኛዋ ነጭ ቪትዝ የማን እንደሆነች ጋሼ በደንብ ያውቃሉ።