አብሽሪ፣ ደረስን!

ከደሴ ወደ ቆላ በሞተር ተፈናጥጣ የምትወርድ ሴት ውሃ አጥታ አይደለም የሚጠማት። ሃይላንዱ ቦርሳዋ ውስጥ አለ፣ ቦርሳውም እዚያው ጀርባዋ ላይ ነው። የሚጠማት "እስቲ አንዴ ቁም" ማለት ስለሚከብዳት ነው። ደፍራ ብትልም መልሱ ይታወቃል፤ "አብሽሪ፣ ደረስን!" ይቺ "ደረስን" ኮምቦልቻ ላይ ትባላለች፣ ባቲ ላይ ትደገማለች፣ ሚሌ ሲገቡ እውነት ትሆናለች። ወንዱ ተፈናጣጭም አይሻልም። "ጠማኝ" ማለት የወንድ ወግ ስለማይመስለው ምራቁን እየዋጠ ይወርዳል፤ ትንሽ ቆይቶ የሚዋጥ ምራቅም ያጣል።

ጥፋቱ የሚጀምረው ደሴ ላይ ነው። ከተማዋ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለተቀመጠች ጠዋት ሰው የሚያሳስበው ጃኬት እንጂ ውሃ አይደለም። ተፈናጣጯ በሹራብ ላይ ጃኬት፣ በጃኬት ላይ ሻርፕ ደርባ አንድ ብርጭቆ ሻይ ትጠጣለች፤ እሱንም እጇን ለማሞቅ። ከዚያ ያ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ይመጣል። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዛ ኮምቦልቻ ስትገባ 600 ሜትር ያህል ወርዳለች። ባቲ ሌላ 40 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ ከባቲ በታች አፋር። ከደሴ እስከ ሚሌ የከፍታው ልዩነት ወደ 2,000 ሜትር ይጠጋል። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚጨምር፣ ከቁልቁለቱ ብቻ 12 ዲግሪ ተጨምሮባታል ማለት ነው። ሹራቡ ግን እንደተለበሰ ነው። ለማውለቅ መቆም ያስፈልጋላ!

ሞተር ላይ ጥም የሚያታልለው በነፋሱ ነው። ላቡ ገና ሳይንጠባጠብ ነፋሱ ጠርጎ ስለሚወስደው ቆዳው ደረቅ ይመስላል፤ ሰውየውም "እኔ እኮ አላበኝም" እያለ ይደርቃል። አየሩ ከቆዳችን ሙቀት፣ ማለትም ከ35 ዲግሪ አካባቢ ሲያልፍ ደግሞ ነፋሱ ራሱ ሙቀት ጫኝ ይሆናል። "ነፋስ ይምታኝ" ብሎ ጃኬቱን አውልቆ በካናቴራ የሚፈናጠጥ ጎረምሳ የሚያተርፈው የፀሐይ ቃጠሎና ፈጥኖ መድረቅን ነው። ብልሃቱ ሌላ ነው፤ ሹራቡ ይወልቅና ከውስጥ የጥጥ ካናቴራ በውሃ ተነክሮ ይለበሳል፣ ከላይ ስስ ጃኬት ይደረብና ዚፑ ከአንገት በታች ትንሽ ብቻ ይከፈታል። አንገት ላይ የረጠበ ሻርፕ ይጠመጠማል። ሲደርቅ እንደገና ይነከራል። የሻርፑ ጫፍ ግን ጃኬት ውስጥ ይግባ፤ ሰንሰለቱና የኋላ ጎማው ሻርፕ ይወዳሉ።

መጠኑን በተመለከተ፣ ከመነሳት አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ግማሽ ሊትር ጠጥቶ፣ ሽንት ቤት ገብቶ መነሳት ነው። ሙቀቱ ውስጥ ሲገባ በየ15 እና 20 ደቂቃው ሁለት ሦስት ጉንጭ፤ በሰዓት ከግማሽ እስከ ሦስት ሩብ ሊትር ይሆናል። ጥምን መጠበቅ አያስፈልግም፣ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ሁለት ሊትር ባንድ ትንፋሽ የሚገለብጠው ጀግናም አላወቀበትም። በሰዓት ከአንድ ሊትር በላይ ባዶ ውሃ ሲደጋገም የደም ጨው ይሳሳል፤ ራስ ያማል፣ ያቅለሸልሻል። ምልክቱ የጥም ስለሚመስል ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ "ውሃ ጨምሩለት!" ይላል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፤ ሽንት። ብዙ ሴቶች መንገድ ላይ የማይጠጡት ውሃ ጠልተው አይደለም። ወንዱ ሞተሩን ዳር አቁሞ ወደ ቁጥቋጦው ጀርባውን ሰጥቶ ይመለሳል፤ እሷ ወዴት ትሂድ? ስለዚህ ከዋዜማው ጀምራ ታቆማለች። ምግብ ቤት ቢገቡም ዝም ብሎ "ሽንት ቤት የት ነው?" ማለት ነውር ስለሚመስል መጀመሪያ ተቀምጦ ማዘዝ አለ። ሚሪንዳ ይታዘዛል፣ ሚሪንዳው ይጠጣል፣ ሽንት ቤቱ ይጎበኛል፣ ሒሳቡ ይከፈላል። የተጠጣው ሚሪንዳ ከ40 ደቂቃ በኋላ ሌላ ምግብ ቤት ይጠይቃል፤ እዚያም ሌላ ሚሪንዳ አለ። ከዚህ ዕዳ የሚወጣው መቆሚያው ደሴ ላይ፣ ሞተሩ ሳይነሳ ሲነገር ነው፤ "ኮምቦልቻ ማደያው ጋ፣ ባቲ ምሳ ቤት፣ ከዚያ በየሰዓቱ።" ነጂው ጠዋት በቁርስ ላይ የሰማውን ይቀበላል፤ መንገድ ላይ በትከሻው በኩል የሚጮህለትን ግን በሄልሜቱ ያሳብብና አይሰማም።

የሽንት ቀለም ጥሩ ምስክር ነው። ፈዛዛ ገለባማ ከሆነ ደህና፤ ጠቆር ያለ ሻይ ከመሰለ ውሃው ዘግይቷል። ከደሴ ጀምሮ ያልቆመ ሰው ግን ቀለሙን በምን ያውቃል?

ደግሞ ቡና አለ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ ሦስት ሲኒ ቢጠጣ ተጠራቅሞ ሩብ ሊትር አይሞላም፤ የፈጀው ሰዓት ግን ፀሐዩን አናት ላይ አድርሷል። ቡና ለለመደው ሰው ጉዳት የለውም፣ ውሃ ጠጣሁ ተብሎ መቆጠሩ ነው ችግሩ። አምቦ ውሃ ጠጥቶ ወዲያው ሄልሜት የሚደፋም አለ፤ ጋዙ ሲመለስ እዚያው ከራሱ ጋር ተዘግቶበት ይሄዳል። በረመዳን መንገደኛ አፍጥሮ ሌላ ቀን ቀዷ ማውጣት እንደሚችል ወሎ ውስጥ የማያውቅ የለም። ሃይማኖቱ የፈቀደውን ሞተረኛው ይከለክላል።

ዕቃው ላይ ስሕተቱ ብዙ ነው። ሃይላንዱን ከጎን በኩል ማርሚታው አጠገብ የሚያስሩት አሉ፤ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ ወይም ሻይ ቅጠል ብቻ የቀረው ውሃ ይደርሳል። ከመጠባበቂያ ቤንዚን ጋር አንድ ኮሮጆ ውስጥ የገባ ውሃም ሽታው ስለሚለቅበት የሚጠጣው የለም። የሚበጀው ባለ ቱቦ የውሃ ከረጢት ነው፣ ባለ 2 ወይም ባለ 3 ሊትሩ። እጁ ነፃ የሆነው ተፈናጣጩ ስለሆነ እሱ ይዘለው፤ ነጂው ይጠጣ ዘንድ ግን ሞተሩ መቆም አለበት። ባለ 3 ሊትሩ 3 ኪሎ ነው፤ ማንገቻውን አላልቶ የቦርሳውን ቂጥ መቀመጫው ላይ ማሳረፍ ትከሻን ያድናል። ቱቦው በአገጭ ስር፣ ከሄልሜቱ በታች ይግባ። ከጠጡ በኋላ ቱቦው ውስጥ የቀረውን እፍ ብሎ ወደ ከረጢቱ መመለስ ያስፈልጋል፤ አለዚያ የሚቀጥለው ጉንጭ ምላስ ይልጣል። ማታ ሲሶውን ብቻ ሞልቶ አጋድሞ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማሳደር፣ ጠዋት ቀሪውን በውሃ መሙላት ነው። ሙሉውን በረዶ አደርጋለሁ ያለ፣ ውሃ በረዶ ሲሆን በመቶ 9 ያህል እንደሚሰፋ ከፈነዳው ከረጢት ይማራል።

ብዙ ላብ በወጣበት ቀን ጨውም መመለስ አለበት። ለምለም የሚባለው በውሃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት (ኦ.አር.ኤስ) አንዱ ፓኬት ለ1 ሊትር ውሃ ነው። በግማሽ ሊትሩ ሃይላንድ ውስጥ ሙሉውን ፓኬት መበተን የተለመደ ነው፤ እንዲህ ሲወፍር ውሃውን ወደ አንጀት ይስበውና ያስቀምጣል፣ ያን ጊዜ "ደረስን" የማይሠራበት ጉዳይ ይመጣል። ለምለም ከጠፋ፣ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፤ ለጣዕሙ ሎሚ ጠብ። ይሄ ግን በሌላ ሃይላንድ ይያዝ፤ ስኳር የገባበት ቱቦ ሻጋታ ያበቅላል።

የተፈናጣጭ ሄልሜት የነጂውን ሄልሜት ከኋላ ቋ፣ ቋ ማድረግ ከጀመረ እያንቀላፋች ነው። እሱ ወሬውን እየነቀነቀች የምትሰማው መስሎት ይቀጥላል። ሙቀት ላይ የመጣ እንቅልፍ፣ ራስ ምታትና የእግር መሸምቀቅ ሲታይ ጥላ ፈልጎ መቆም፣ ጃኬት ማውለቅ፣ ቀስ እያሉ መጠጣት ነው። ቃላት ካምታታች፣ ከተወላገደች ወይም ትኩስ ሆና ላቧ ከቆመ የሙቀት ምት ነው። ልብሷን አራግፎ ሰውነቷን በውሃ እያራሱ ማራገብ፣ ራሷን በደንብ ካላወቀች በአፍ ምንም አለመስጠት፣ በሞተር ሳይሆን በመኪና ወደ ሐኪም መውሰድ።

ማታ ከረጢቱ በሙቅ ውሃና በትንሽ ቤኪንግ ሶዳ ይታጠብና አፉን ከፍቶ፣ ቱቦውን አንጠልጥሎ ገመድ ላይ ይሰጣል። ይህ በዘመድ ቤት ጣጣ አለው። ባቲ ያደረ ሰው ወደ አፋር ለመውረድ ከጠዋቱ 12 ሰዓት መውጣት አለበት፤ ግን ጎረቤቷ በአጥሩ በኩል ያን ከነቱቦው የተሰቀለ ከረጢት አይታ "ውይ! ግሉኮስ የተሰቀለው ለማን ነው?" ብላ ትገባለች። ተከትለው ሌሎችም "አላህ ያሽራት" እያሉ ይመጣሉ። ጠያቂ በባዶ አይሸኝምና ቡና ይወቀጣል። ለማስረዳት ቢሞከርም እትዬ የሚባሉት አሮጊት አይለቁም፤ "ልጄ፣ ሕመምተኛ በሞተር ይጫናል እንዴ?"